መልስ፦ ፊልሞቹን አጥፍቼ ሲ ድራይቭ ለምን አሁንም ቀይ (ሊሞላ የደረሰ) ሆነ?

ያጠፋሃቸው ፊልሞች ገና አልጠፉም ወንድሜ፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ናቸው፣ እሱ ደግሞ እዛው ሲ ላይ ስለሆነ ቦታው አይለቀቅም። ራይት ክሊክ አድርገህ ኤምፕቲ በለው። ደብረ ማርቆስ ያለው ሱቅ ፎርማት ይደረግ (ሁሉም ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀመር) ያለህን ተወው፣ ለዚህ ፎርማት ምን አመጣው።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ግባ። በቅርቡ ዊንዶውስ አፕግሬድ አድርገህ ከሆነ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚል ታያለህ፣ ብቻውን ከ10 ጂቢ በላይ ሊይዝ ይችላል፣ ወደ ድሮው መመለስ ካልፈለግክ አጥፋው።

እኔ ግን ዋናው ቦታ በይ ቴሌግራም ይመስለኛል። የቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ፣ ክሊር ኦል፣ ቻትህ አይነካም። ይሄ ካሹን (ቴሌግራም ለጊዜው ያስቀመጠውን ኮፒ) ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ ራስህ ያወረድከው ዳውንሎድስ ስር «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ በሳይዝ ደርድረህ እየው፣ አንዱን ፒዲኤፍ ከጎኑ በቅንፍ ቁጥር እየተጻፈበት ተደርድሮ ታገኘዋለህ (ግሩፕ ላይ የተለቀቀ ሃንድአውት ሁሌ እንዲህ ነው)።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ዝርዝር ውስጥ ዳውንሎድስም ተሰልፏል፣ እሱ ላይ ቲክ እንዳታደርግ። እዚህ ባህር ዳር አንዲት ተመራቂ ሁሉንም ቲክ አድርጋ ሪሙቭ ብላ አድቫይዘሯ አርሞ የላከላት ሪሰርች አብሮ ሄደባት፣ ሪሳይክል ቢን ብንፈልግም የለም፣ ኢሜይሏ ላይ ባይገኝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ይሄን አድርገህም ካልቀነሰ የስቶሬጁን ስክሪንሾት ለጥፈው፣ እናየዋለን።