የበረሳን ውሃ ብቻ ሳይሆን ጭቃውንም መርምሪ

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው። ከደብረ ብርሃን ከተማ በታች በበረሳ ወንዝ ዳር ድንችና ካሮት በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃው ቀለምና ሽታ በአንዳንድ ቀናት እንደሚለወጥ ይናገራሉ። እርስዋ ሁለት ጊዜ ውሃ ቀድታ አስመርምራ ሁለቱንም ጊዜ «ከተፈቀደው መጠን አላለፈም» ተብላለች። የከባድ ብረቶች ሙሉ ምርመራ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ስለዚህ በትናንሽ የውሃ እንስሳት መመርመር ይቻል እንደሆነና ውጤቱ ሰሚ ያገኝ እንደሆነ ጠይቃለች።

በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ብዙ ዓመት በውሃ ምርመራ ሥራ ላይ ቆይቻለሁና ያየሁትን እጽፍልሻለሁ።

ይቻላል። ሐሳቡም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በውሃው ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የተናገሩት የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ።

የኬሚካል ምርመራ የሚመልሰው የጠየቅሽውን ብቻ ነው። ክሮሚየም ብለሽ ከላክሽ የክሮሚየም ቁጥር ይመጣልሻል። ማቅለሚያው፣ ሳሙናው፣ አሞኒያውና ብረቱ እያንዳንዳቸው ከመጠን በታች ሆነው በአንድ ላይ ሲጎዱ ወረቀቱ ዝም ይላል። እንስሳው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀምሳል። ጉድለቱ የገደለው የትኛው እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ስለዚህ በእንስሳ ጀምረሽ፣ መርዛማነት ካገኘሽ ያለሽን ትንሽ ገንዘብ በዚያው ናሙና የኬሚካል ምርመራ ላይ አውዪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለቱንም ጊዜ የቀዳሽው ውሃ ነው። ፍሳሽ በሌሊት ከተለቀቀ አንቺ ጠዋት ጠርሙስ ይዘሽ ስትደርሺ ቁልቁል በረሳ ወደሚገባበት ወደ ጀማ ወንዝ ጉዞውን ጀምሯል። ውሃ የሚያሳይሽ የቀዳሽበትን ደቂቃ ነው። ጭቃው ግን ያስቀምጣል። በተለይ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም በአብዛኛው ከደቃቅ ደለል ጋር ተጣብቆ ከታች ይቀራል። ውሃው ጠርቶ ሲፈስ እንኳ ከሥሩ ያለው ደለል የሚኖሩበትን ሊገድል ይችላል። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ከደለሉ እጀምራለሁ።

ለውሃው የሚመረጠው ዳፍኒያ የተባለ ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነው፤ የውሃ ቁንጫ የሚሉትም አሉ። ለደለል ግን ዳፍኒያ አይበቃም፤ እየዋኘ የሚኖር ስለሆነ ከጭቃው ጋር ብዙም አይገናኝም። ለደለል የሚፈለገው ጭቃ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ የሚኖር ነው፤ የማትናከሰው ቢምቢ እጭ፣ ያቺ ቀይ ትል የምትመስለው። ቀይ የሆነችው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላት ነው፤ በዚህም ምክንያት የኦክስጅን እጥረትን ከብዙዎቹ ይልቅ ትችላለች። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። እርስዋ ስትሞት «አየር አጥሯት ነው» ብሎ ማምለጥ ይከብዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽን ከሁሉ አብልጠሽ ያዢልኝ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ፋብሪካ በታች ከተቀዳ ውሃ ውስጥ ሃያ ዳፍኒያ አስገባሁ፤ በ48 ሰዓት ሃያውም ሞቱ። ገበሬዎቹ ብዙ ጊዜ ተመላልሰው ሰሚ አጥተው ስለነበር እውነቱ ተገኘ ብዬ ያን ዕለት ማታውኑ ሪፖርቱን ጻፍሁ። በማግሥቱ የማነጻጸሪያውን ብርጭቆዎች ስቆጥር፣ ከወንዙ ራስ ባመጣሁት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከነበሩት ሃያዎች ዐሥራ ሦስቱ ሞተዋል። ብርጭቆዎቹ በበረኪና ታጥበው በደንብ አልተለቀለቁም ነበር። እንስሳቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ቀድጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገምሁት፤ በንጹሑ ውሃ አንድ፣ በታችኛው ውሃ ዐሥራ ሁለት ሞቱ። ጉዳዩ በስብሰባ ሲቀርብ የሌላው ወገን ባለሙያ መጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ «በማነጻጸሪያው ስንት ሞተ?» የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ሪፖርት አስገብቼ ቢሆን ኖሮ የገበሬዎቹ አቤቱታ ያን ቀን ይቀበር ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ለዚህ ነው በሰፊው የሚሠራበት፣ ኦ.ኢ.ሲ.ዲ. የተባለው ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያወጣው የዳፍኒያ ሙከራ መመሪያ ቁጥር 202 በማነጻጸሪያው ከ10 በመቶ በላይ ከተጎዳ ሙከራው ዋጋ የለውም የሚለው። አሠራሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ግልገሎች፣ ለእያንዳንዱ መጠን ሃያ፣ አምስት አምስት ሆነው በአራት ብርጭቆ፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ፣ ለ48 ሰዓት ያለ ምግብ ይቆያሉ። ብርጭቆውን ቀስ አድርገሽ ስታወዛውዢ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘ እንደተጎዳ ይቆጠራል። የወንዙን ውሃ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ አድርገሽ በንጹሕ ውሃ እያቀጠንሽ ሞክሪው፤ ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር አብሮ ከቀነሰ ማስረጃሽ ይጠነክራል።

ዳፍኒያዎቹን ከአንዲት እናት አራቢ። በተመቻቸው ጊዜ ሴቶቹ ያለ ወንድ ስለሚራቡ ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የመጀመሪያውን ውላጅ ለሙከራ አትጠቀሚ። በጀርባቸው ጠቆር ያለ ኮርቻ የመሰለ የእንቁላል ከረጢት ካየሽ ተጨንቀዋል ማለት ነው፤ የእነርሱን ልጆችም ተያቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይፈጃቸዋል፤ የምንጭ ውሃ ይሻላል።

ስለ ደብረ ብርሃን ደግሞ ልዩ ነገር አለ። የውጭ መመሪያዎች የተጻፉት በቆላ ለሚኖሩ ሰዎች ነው ብለሽ አስቢ። በባሕር ጠለል ላይ አየር የጠገበ ውሃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያው ውሃ ከ6 ተኩል ብዙም አያልፍም። መለኪያሽ 6 ሲል ውሃው ተበክሏል ወይም መሣሪያው ተበላሽቷል አትበዪ። በሙከራው መጨረሻ ከ3 በታች መውረድ ግን የለበትም። ሌላው ብርዱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ብርጭቆዎቹም አብረው ይቀዘቅዛሉ። እኔ በሰፊ ሳፋ ውሃ ሞልቼ፣ የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ከትቼ፣ ብርጭቆዎቹን በውስጡ አቆማቸው ነበር። ጥሩ ሠርቶልኛል።

ወደ ደለሉ ስትሄጂ ከላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በፕላስቲክ ማንኪያ አንሺ፤ በጨለማ በ4 ዲግሪ አኑሪው፤ በረዶ እስኪሆን ግን አታቀዝቅዢው። አልቅትና ሌሎች አዳኝ ነፍሳትን በወረንጦ ልቀሚ፤ አለበለዚያ እጮችሽን በልተው መርዝ ገደላቸው ያሰኙሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማነጻጸሪያ ሲመርጥ ነው። ከላይ አሸዋ፣ ከታች ጥቁር ጭቃ ወስዶ ያወዳድራል። ደቃቅ ጭቃ ብክለትን ይይዛል፣ አሸዋ አይይዝም፤ ደግሞም ቀይዋ እጭ አሸዋን ብዙም አትወድም። ከከተማው በላይ ውሃው ከሚተኛበት ጥግ ተመሳሳይ ልስላሴ ያለው ጭቃ እስክታገኚ ድረስ ፈልጊ። አንድ እጅ ደለል ላይ አራት እጅ ውሃ ጨምረሽ እስኪረጋ አሳድሪው፤ ከዚያ እጮቹን አስገቢ። በዐሥረኛው ቀን የተረፉትን ቁጠሪ፣ መዝኚም፤ ሳይሞቱ የቀጨጩም ማስረጃ ናቸው። በንጹሑ ደለል ቢያንስ 70 በመቶው መትረፍ አለበት። አሞኒያና ፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለካት አትርሺ፤ የከብት እበት የበዛበት ጭቃ በአሞኒያ ብቻ ሊገድል ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የፋብሪካ ላይሆን ይችላል።

ወንዙ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት መቁጠርም ይጠቅማል። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀ ኢትባዮስ የተባለ፣ በተገኙት ነፍሳት ዓይነት የወንዙን ጤና የሚመዝን የነጥብ አሰጣጥ አለ። ሆኖም ከላይ ሰው በእንዶድ ልብስ የሚያጥብ ከሆነ የቀንድ አውጣ መጥፋትን ለማንም ማስረጃ አድርገሽ አታቅርቢ።

ሰሚ ስለማግኘቱ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ከአቤቱታው ጋር ቁጥሮቹን ሁሉ አያይዢ፤ የማነጻጸሪያውን ሞት ጭምር፣ የተበላሸ ሙከራ ካለም እርሱን ጭምር።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምት ሲወጣ አትቸኩዪ፤ ጎርፉ ደለሉን አገላብጦታል። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ወንዙ በቀጠነበት በጥርና በየካቲት ናሙና ውሰጂ። እስከዚያ ዳፍኒያ ማራባት ልመጂ። ከእኔ ዘንድ አንድ ጠርሙስ ልሰጥሽ እችላለሁ፤ በረኪና ነክቶት የማያውቅ ጠርሙስ ይዘሽ ነዪ።