በሩ ጓ ባለ ቁጥር ልጄ ይባንናል

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው አዳማ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ 4 ተከራይ አለ፣ እኔ ደግሞ የ30 ቀን አራስ ነኝ ልጄ ገና ክርስትና እንኳን አልተነሳም። ክፍላችን ከውጭ በሩ አጠገብ ነው፣ በሩ ከባድ ላሜራ ስለሆነ ሰው ለቀቅ ሲያደርገው ንፋሱ ይቀበልና ጓ! ያደርገዋል፣ ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ በርግጎ ይነሳል ከዛ መልሶ ማስተኛት ስቃይ ነው። ጎረቤቶቼ ይጠነቀቃሉ ግን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ማታ 5 ሰዓት ነው የሚገባው፣ ሁሌ አይሆንለትም። አከራያችን ጥሩ እናት ናቸው፣ በሩን ቀይሩልኝ ብዬ ላስቸግራቸው አልፈልግም። በትንሽ ብር ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጁንም ያሳድግልሽ።

በባጃጁ ልጅ አትዘኝበት። የናዝሬት ንፋስ እኮ አዳማ 2 የሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ብቻ 102 ተርባይን የሚያዞር ንፋስ ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በር ላይ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት የ12 ኪሎ ሸክም ያህል ይገፋዋል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ነው የሚሆነው፣ እና ደክሞት የገባ ሰው ባንድ እጁ እንዴት ይመልሰዋል?

ጩኸቱ ግን የሚወለደው በመጨረሻዋ ስንዝር ነው። ብረት ብረትን ይመታል፣ ላሜራው እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ስለዚህ ስራው እዛች ስንዝር ላይ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚልሽ ማጠፊያውን ዘይት ቀቢው ነው። እኔ አልስማማም፣ ዘይት ሲጢጥ ማለቱን ያስቆማል እንጂ በሩን ይበልጥ ያፈጥነዋል፣ ደሞ አቧራችንን ይሰበስባል። ይልቅ አንድ ሰው (አንቺ አራስ ነሽ አታንሺ!) የበሩን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ይሞክረው፣ ከፍ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይበየድ፣ አለዚያ በሩ በየጊዜው ሌላ ቦታ ስለሚመታ ጎማ ብትለጥፊም ዋጋ የለውም።

ከዛ በሩ የሚያርፍበትን መቃን ከላይ እስከ ታች ከሰል ቀቡትና ዝጉት። ሲከፈት ጥቁሩ በሩ ላይ የታተመበት ቦታ ነው የሚመታው፣ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ በኩል ሁለት ሶስት ቦታ ብቻ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የተጣለ የመኪና የውስጥ ጎማ ለምኑ፣ 4 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡ። የከሰሉን፣ የዝገቱንና የአቧራውን ነገር በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፍቁት፣ ማስቲሹን መቃኑንም ጎማውንም ቀቡ፣ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ጠብቃችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ጠዋት ይሁን፣ ቀትር ላይ ብረቱ ይፋጃል። ስፖንጅ አትለጥፉ፣ ፀሐዩ ያፈራርሰዋል። ደሞ አታወፍሩት፣ መጀመሪያ አንድ ድርብ ለጥፋችሁ መወርወሪያው ቀዳዳው ውስጥ በቀላሉ መግባቱን እዩ፣ ከገባ ሁለተኛ ጨምሩ።

ከላይ የሚታሰረው ባለ ዘይት የበር መዝጊያስ ካልሽኝ፣ ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሁለት ብሎን አለው አንዱ ሰፊውን መዞር ሌላው የመጨረሻዋን ስንዝር ያዘገያል፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚዞሩት፣ እስከ መጨረሻ ከፈታችሁት ዘይቱ ይፈሳል። ግን ለቤት ውስጥ በር የተሰራው ለናንተ ንፋስ አይችልም፣ ገንዘብሽን አታውጪ።

ለአከራይሽ ደግሞ ማጠፊያው የተቀበረበትን ምሰሶ አሳያቸው፣ በር በየቀኑ ሲላተም ልስኑ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ካዩት የብየዳውን እሳቸውም ያግዙሽ ይሆናል።

ለዛሬ ማታ ግን ያረጀ ፎጣ አጥፊና ከቁልፉ ከፍ አድርገሽ በበሩ ጠርዝ ላይ አሳልፈሽ በውስጥና በውጭ እጀታው ላይ እሰሪው፣ ባጃጁ ሲገባ ፎጣው መሃል ይገባል።