ስለ ሄልሜት የሚሠራ ማስታወቂያ ማስፈራራት አለበት?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት የትራፊክ ደኅንነት ክበብ አስተባብራለሁ። ከተማችን ብስክሌት የበዛባት ብትሆንም ሄልሜት አድርጎ የሚነዳ ተማሪ ከስንት አንድ ነው። ክበባችን በሚኒ ሚዲያ የሚነገር ማስታወቂያና በግቢው በር ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ሊያዘጋጅ አስቧል። አንዳንድ መምህራን በደም የተነከረ ወጣት ካልታየበት ማንም ልብ አይለውም ይላሉ። በሌሎች አገሮች ምን ዓይነት ማስታወቂያ ተሠርቶ ምን ውጤት እንዳመጣ ብታስረዱኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደም የተነከረውን ሥዕል እንዲተዉት እንመክራለን። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሄልሜት የማያደርገው ወድቆ ራሱን ሊመታ እንደሚችል ስለማያውቅ አይደለም፤ ፀጉሩ እንዳይበላሽበት፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት፣ ሙቀቱ ስለሚያስመርረው፣ ወይም ጭራሹኑ መግዣ ስለሌለው ነው። አስፈሪው ሥዕል ከእነዚህ ምክንያቶች ለአንዱም መልስ አይሰጥም።

የነጂውን ሰበብ ከራሱ አፍ ተቀብሎ የሚመልስ ማስታወቂያ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ የዴንማርክ የመንገድ ደኅንነት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሠራጨውን አጭር ፊልም መመልከት ይጠቅማል። ታሪኩ የሚፈጸመው በቫይኪንጎች ዘመን ነው። ለዘመቻ የተነሣ አንድ አለቃ የራስ ቁሩን አላደርግም ብሎ ያስቸግራል፤ ራሱን እንደሚያሳክከው ይናገራል፣ ጠንቃቃ ጋላቢ መሆኑንም ይጠቅሳል። እነዚህ ዛሬ ብስክሌት ነጂው የሚደረድራቸው ሰበቦች ናቸው። በመጨረሻ የምታሳምነው ሚስቱ ናት፤ መልእክቱም ሄልሜት ድሮም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነበር የሚል ነው። በፊልሙ ውስጥ ማንም አይሰደብም፣ ተመልካቹም ራሱን አይቶ ይስቃል። ዴንማርክ ውስጥ አዋቂ ብስክሌተኛን ሄልሜት እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ያም ሆኖ በከተሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ከመቶ 6 ያህል የነበረው የተጠቃሚዎች ቁጥር ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ነበር። ስለዚህ ለውጡን ያመጣው ይህ ፊልም ብቻ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ የተነገረ መልእክትና ለተማሪዎች በትምህርት ቤት የሚሰጠው የብስክሌት ሥልጠናም ከጀርባው አሉ።

ጀርመን በተቃራኒው የምታስተምረን አላት። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የውስጥ ልብስና ሄልሜት ብቻ ያደረጉ ወጣት ሞዴሎችን ፎቶግራፍ አሠራጨ፤ ጽሑፉም ሄልሜት አስቀያሚ ቢሆንም ሕይወት እንደሚያድን የሚገልጽ ነበር። ዒላማው ከ17 እስከ 30 ዓመት ያሉ ነጂዎች ነበሩ፤ ሚኒስቴሩ እንዳለው ከእነዚህ መካከል ሄልሜት የሚያደርጉት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። የመልኩን ነገር ሳይደብቁ ማንሣታቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሰው ክርክር ወደ ሴቶቹ ገላ ዞረ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ሚኒስትሯም ሙሉ ልብስ ለብሰውና ሄልሜት አድርገው የተነሡትን ፎቶግራፍ በማውጣት ማስታወቂያውን ነቀፉ። በእኛ አስተያየት፣ ሰው ሁሉ ስለ ማስታወቂያው እያወራ ስለ ሄልሜቱ ካላወራ ሥራው አልተሠራም።

የማስታወቂያን አቅም ልክ ለማወቅ ደግሞ የአውስትራሊያዋን ቪክቶሪያ ግዛት እንጥቀስ። በዚያ ለዓመታት ቅስቀሳ ከተካሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ላይ ሄልሜት የሚያደርጉት ከመቶ 31 ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አስገዳጅ ሕግ ሲወጣ በዓመቱ ወደ 75 አሻቀቡ፤ ሆኖም ብስክሌት የሚነዱ ጎረምሶች ቁጥር ቀነሰ። ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም፤ እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ ደግሞ ልጆቹን ከብስክሌት የሚያርቅ ዘመቻ ማንንም አይጠቅምም። የመኪና አሽከርካሪውን የጥንቃቄ ግዴታ በልጁ ራስ ላይ የሚጭን ቃልም በማስታወቂያችሁ እንዳይገባ አደራ እንላለን።

ለማስታወቂያው ጽሑፍ መነሻ እንዲሆንዎ በመጀመሪያ ተማሪዎቹን ለምን እንደማያደርጉ ጠይቀው በራሳቸው አነጋገር ይጻፉት። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ከኋላ በሚዞር መቆለፊያ የሚሰፋና የሚጠብ ሄልሜት መኖሩን መንገር፣ ስለ ሞት ከመስበክ ይበልጣል። በፖስተሩ ላይ በተማሪዎቹ ዘንድ የሚወደድ ልጅ ሄልሜቱን በትክክል አድርጎ ይታይ፤ ግንባሩን ሸፍኖ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ የሚተው፣ ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር የሚገናኙ፣ ከአገጭ ሥር ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ መሆን አለበት። ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ግንባርን ያጋለጠ ሄልሜት፣ ወይም አንድ ጊዜ በኃይል ተመትቶ የውስጡ ፎም የተጨፈለቀ፣ እንዳለ አይቆጠርም። ወላጆች በሚሰበሰቡበት ቀን ይህንኑ ሄልሜት ይዘው ቢያሳዩና በጋራ የሚገዛበትን መንገድ ቢያነሡ፣ መግዣ የሌላቸውም ልጆች መልእክቱን የሚተገብሩበት ዕድል ያገኛሉ።