ጤና ኬላው ለምን ተዘግቶ ይውላል?

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጤና ኬላውን ዘግታ የምትውልባቸው ቀናት ይበዛሉ። የታመመ ልጄን አዝዬ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የታመመ ልጅ አዝሎ ከተዘጋ በር መመለስ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እንረዳለን። ይሁን እንጂ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዋናነት በሽታን ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ፣ ባለሙያዋ ሰፊውን የሥራ ጊዜዋን ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ እርግዝና ክትትል እንድታስተምር ይጠበቅባታል። የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ ማከም የተጨመረው በኋላ ነው። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ በመደበኛነት የሚመደቡት ደግሞ ሁለት ባለሙያዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ወልዳ ወይም ለሥልጠና ወደ ወረዳ ሄዳ ከሆነ ሁሉም በአንዷ ላይ ይወድቃል። የክትባት ሳጥኑን በትከሻዋ አንግታ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ በእግሯ ዳገት የምትወጣ ሴት ሰነፍ ልትባል አይገባም፤ ማታ ደግሞ መዝገብና ሪፖርት ይጠብቃታል። በእኛ እምነት ደመወዟም ሆነ መኖሪያዋ ከዚህ ልፋት ጋር አይመጣጠንም።

ጤና ኬላው የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት በሩ ላይ እንዲለጠፍ ቀበሌውን መጠየቅ ግን መብትዎ ነው። ልጅዎ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መጥባት ካቃተው እርሷን ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።