ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ መጠየቅ ያለበት ችካል ሳይተከል ነው

መምህር፣ ወደ ቀበሌያችሁ የጠጠር መንገድ ሊገባ መሆኑን ጽፈው፣ በእግርና በብስክሌት ለሚመላለሱት ተማሪዎችና ለገበያተኛው መሄጃ እንዲተውላቸው እንዴት እንደሚጠየቅ አንሥተዋል። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ በቀበሌያችን የመንገድ ኮሚቴ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እኛን የጎዳን እናንተን እንዳይጎዳ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ቀያሹ ችካል ሳይተክል ይድረሱበት። እኛ አፋችንን የከፈትነው ግሬደሩ ከገባ በኋላ ነበር። መንገድ መጣልን ብለን እልል አልን፤ ከማሳችን ቆርጠን ሰጠን፤ ድንጋይ ለቀምን። ሲያልቅ መንገዱ ለአይሱዙ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሰውና አህያ የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ጥልቅ የውሃ መውረጃ ቦይ ለሁለት ቆርጦታል፤ በቦዩ ላይ አንድ መሻገሪያ እንኳን አልተሠራም። ብስክሌትም ባልተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ጎማው ይሰምጣል እንጂ አይሄድም። በሐምሌ አንድ ቀን የጎረቤቴን ልጅ ከብስክሌቱ ጋር ቦይ ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወደ ወፍጮ የሚወስደው ሩዝ ጭቃ ውስጥ ተዘርግፏል፤ ልጁ ክንዱ ተሰብሮ ሳለ በደህና እጁ የከረጢቱን አፍ ጨብጦ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከቦዩ ወዲያ በኩል ሁለት ሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ የአፈር መንገድ፣ በየመገንጠያውም በቱቦ የተሠራ መሻገሪያ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በቃል አይጠይቁ። እኔ በቃል ሄጄ አንድ ኃላፊ ቀና ብሎ ሳያየኝ «በጀቱ ለመኪና ነው፤ ገበሬ ደግሞ የብስክሌት መንገድ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ተቀመጥ እንኳን አላለኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ተጉዤ ስመለስ መንገዱ ላይ ያየሁት ሁሉ እግረኛ ነበር፤ መቁጠር የጀመርኩትም ያን ዕለት ነው። በገበያ ቀን ሁለት ተማሪዎች ከንጋት እስከ ቀትር ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሰው፣ የተጫነ አህያ፣ ብስክሌትና መኪና ለየብቻ በጭረት መዘገቡ። የሰዉ ጭረት አራት ገጽ ሲሞላ መኪናው በአንድ እጅ ጣቶች አለቀ። ደብተሩን ከቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጋር አያይዘን፣ ማኅተም አስደርገን፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደረግነው። እኔን ያላስቀመጠኝ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ተገደደ፤ በዓመቱ አራት መሻገሪያ ተሠራልን። ከትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን ቱቦ በእጄ አግዤ ቀብሬዋለሁ።

እርስዎ ደግሞ በእኛ ጊዜ ያልነበረ መረጃ አለልዎት፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንዲያገለግል ያወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞ፣ ስትራቴጂ። ይበልጥ የሚናገረው ስለ ከተማ ቢሆንም በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱት።

ቀያሹ የሚመጣው በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው። እኛ ዘንድ የመጣው የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ አላየም። ይዘውት ይሂዱና የክረምቱ ውሃ በዛፎቹ ግንድ ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት በእጁ ያስነኩት።