ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የአባቴ ውጤት 20 ይላል፣ ምን ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሸዋ ሮቢት ነው። አባቴ ምላሳቸው ጠርዝ ላይ ቁስል ወጥቶባቸው «ጥርስ እየወጋቸው ነው» ስንል ከረምን። ካንሰር ሆኖ ተገኘና አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። አሁን «ፒዲ-ኤል1፣ ሲፒኤስ 20» የሚል ወረቀት ሰጡን። 20 በመቶ ተሰራጭቷል ማለት ነው? ውጭ ያለ ዘመዳችን «ለዚህ አሪፍ መድኃኒት አለ» ይላል። በሬዎቹን ሸጠን እንግዛ?

መልስ፦ ለአባትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ይረጋጉ፣ 20 የስርጭት ልክ አይደለም።

ዕጢ የካንሰር ሴል ብቻ አይምሰልዎ። ውስጡ የደም ሥር አለ፣ ካንሰሩን ሊዋጉ የመጡ ነጭ የደም ሴሎችም አሉ። ከነሱ መካከል ቲ-ሴል የሚባሉት ላያቸው ላይ ፒዲ-1 የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ካንሰሩ ፒዲ-ኤል1 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን አውጥቶ ከፒዲ-1 ጋር ሲያገናኘው ቲ-ሴሉ እጁን ይሰበስባል። ኬላ ላይ የውሸት ይለፍ አሳይቶ እንደማለፍ ነው። የሚገርመው፣ ሊዋጉ ከመጡት ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉትም ይህንኑ ፒዲ-ኤል1 ያወጣሉ። ለዚህ ነው ሲፒኤስ የሚባለው ልኬት ሁለቱንም ወገን የሚቆጥረው። ባለሙያው ናሙናውን ቀለም ያስይዝና ፕሮቲኑ የታየባቸውን የካንሰርና የመከላከያ ሴሎች ይደምራል። ለ100 ሕያው የካንሰር ሴል 20 ከሆኑ፣ ውጤቱ 20 ነው። ከዚያው ዕጢ ሌላ ጥግ ቢታይ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል።

ዘመድዎ አልተሳሳተም። ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት የፒዲ-1ንና የፒዲ-ኤል1ን ግንኙነት ይቆርጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተመለሰ ወይም ለተሰራጨ የአፍ ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና እንዲሆን ፈቅዳለች፤ ብቻውን ለመስጠት ሲፒኤስ ቢያንስ 1 መሆን አለበት። የአባትዎ ዕጢ ግን ወጥቷል፣ ተመልሷልም አልተባለም። በ2025 የተፈቀደው ሌላው አሰጣጥ ደግሞ የሚጀመረው ከቀዶው በፊት ነው። ዋጋውም አይቀመስም። እና በሬዎቹ ይቆዩ።

ይልቅ ስለ ሌላው ወረቀት፣ በቀዶ ስለወጣው ዕጢ የምርመራ ውጤት፣ ሐኪሙን ያፋጥጡት። የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ንጹሕ ነው? ዕጢው ምን ያህል ጠልቋል? ካንሰሩ የአንገት ንፍፊት ላይ ተገኝቷል? ጨረር ካስፈለገ ከቀዶው በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ሲጋራ ካለ ይቁም። አረቄም ይቅር፣ ዘመድ ጥየቃ መንዝ ሲወጡ «ለብርዱ» ተብላ የምትቀዳዋ ጭምር። አፋቸው ውስጥ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቁስል ወይም አንገታቸው ላይ እብጠት ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይሂዱ።