ኢንሹራንሱ የከፈለው ካልበቃ ቀሪውን ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ውስጥ በልብስ ስፌት የሚተዳደር ሰው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የነበረ አይሱዙ ገጭቶት ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ደሴ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እስካሁን ግን የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አልቻለም። ለሕክምናና ለመመላለሻ 85,000 ብር ወጥቷል። የመኪናው ባለንብረት «ፍሬን እምቢ ብሎ ነው፤ ደግሞም ኢንሹራንስ አለኝ፣ እሱን ጠይቁ» ይላል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ከሦስተኛ ወገን ሽፋን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ከተገባው መድን) ጣሪያ በላይ አልከፍልም ብሏል። አሁን ሽማግሌዎች ከባለንብረቱ 60,000 ብር ተቀብለን «ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም» ብለን እንድንፈርም ይመክሩናል። ዕድሩና ዘመድ ያዋጡልንም ገንዘብ ከካሣው ይቀነሳል ተብለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ በምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለንብረቱ የሰጣችሁ ሁለቱም ምክንያቶች በሕግ ፊት አያድኑትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ስለሠራ ሳይሆን ባለቤት ስለሆነ ብቻ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም ወይም ላስቀረው አልችልም ነበር በማለት ከኃላፊነት ማምለጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። ስለዚህ የፍሬኑ እምቢ ማለት የባለንብረቱን ዕዳ አያወርድለትም፤ ሊያወርድለት የሚችለው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ሲሆን፣ መንገድ ዳር በቆመ ሰው ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል አይሆንለትም። ሾፌሩ በወንጀል ክሱ በነጻ ቢሰናበት እንኳ ያ ውሳኔ የካሣ ጥያቄያችሁን እንደማያስቀር ቁጥር 2149ን ልብ ይበሉ።

ወደ ኢንሹራንሱ ስንመጣ፣ ብዙ ተጎጂዎች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ሰው ይህ መድን ሳይኖረው ተሽከርካሪ እንዳይነዳ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሰው 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር፤ ጣሪያው ሊሻሻል ስለሚችል ለእናንተ ጉዳይ የሚያገለግለው አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናው መጠን ነው። ነገር ግን ይህ ጣሪያ የሚወስነው የኢንሹራንሱን ግዴታ ብቻ ነው። የካሣውን ልክ የሚወስነው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2091 ሲሆን፣ እርሱም ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ኢንሹራንሱ እስከ ውሉ ጣሪያ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው በባለንብረቱ ትከሻ ላይ ይቀራል። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው ቃል ባለንብረቱ ዕዳውን የሚከፍልበት አንድ መንገድ እንዳለው ይነግረናል እንጂ ዕዳ እንደሌለበት አይነግረንም።

በቁጥር ላሳይዎ። ባለቤትዎ በወር 6,000 ብር የሚያገኙ፣ የሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው የመሰከረላቸውና ገና 15 ዓመት መሥራት የሚችሉ ቢሆኑ፣ የዓመት ገቢያቸው 72,000፣ በየዓመቱ የሚያጡት 21,600፣ በ15 ዓመት ደግሞ 324,000 ብር ይሆናል። 85,000 ብሩ ሲጨመርበት 409,000 ብር ይደርሳል። የመድን ውሉ ጣሪያ 100,000 ብር ነው ብንል 309,000 ብሩ ከባለንብረቱ የሚጠየቅ ነው። የወደፊት ጉዳት መድረሱ እርግጠኛ ከሆነ ዛሬውኑ ሊጠየቅ እንደሚችል ቁጥር 2092 ይፈቅዳል፤ ልኩን በትክክል ማወቅ ሲያስቸግር ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ እንደሚወስን ቁጥር 2102 ስለሚናገር ግን ፍርድ ቤቱ ከዚህ ስሌት ሊቀንስ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት።

ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለደረሰው ሥቃይና ሐዘን፣ የሚፈቀደው ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ይህን በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ጣሪያ ለተጎጂ ቤተሰብ በነገርሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ቁጥር 2116 ግን ይህንኑ ነው የሚለው።

የዕድሩና የዘመድ መዋጮ ይቀነሳል የተባሉት አያስጨንቅዎ። ቁጥር 2093 ተጎጂው የራሱ መድን የነበረው ቢሆን እንኳ መድን እንደሌለው ሰው ካሣ መጠየቅ ይችላል ይላል። ራሱ ዐረቦን ከፍሎ የገባው መድን ጥያቄውን ካልቀነሰበት፣ ጎረቤትና ወገን አዝነው ያዋጡት ገንዘብ የገጪውን ዕዳ የሚያቀልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ፊርማው ልመለስ። ወሎ በሽምግልናው የተከበረ አገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ያሰቡትም ደም እንዳይቃባ፣ ቂም እንዳይያዝ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በሽማግሌ ፊት «ጥያቄ የለንም» ተብሎ የሚፈረም ወረቀት በሕግ ዓይን የግልግል ውል፣ ማለትም ሁለት ወገኖች ክርክራቸውን ተስማምተው የሚዘጉበት ውል፣ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር 3312 ደግሞ ግልግል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል ይላል። በ60,000 ብር 409,000 ብር ይዘጋል ማለት ነው። ገንዘቡን መቀበል ካስፈለጋችሁ፣ ወረቀቱ «ለሕክምና ወጪ በከፊል የተከፈለ፤ ቀሪው የካሣ መብት እንደተጠበቀ ነው» እንዲል አድርጉ። ዕርቁንም እንዲሁ አትግፉት፤ ሰላም ማውረድና ካሣ መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት ያስረዷቸው።

ክሱን ኮምቦልቻ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ባለንብረቱ ሌላ ከተማ ቢኖርም ጉዳቱ በደረሰበት ስፍራ መክሰስ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 የተፈቀደ ነው። ባለንብረቱ ሲከሰስ በቁጥር 43 መሠረት ኢንሹራንሱን ወደ ክርክሩ ማስገባቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የመድን ውሉ ቅጂ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። አንዳንድ ባለንብረት ከግዴታው በላይ የሆነ ሰፊ ሽፋን ገዝቶ ስለሚገኝ፣ ጣሪያው ይህን ያህል ነው ብሎ ሠራተኛ በቃል የነገራችሁን አትመኑ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና ንድፉን፣ የሕክምና ደረሰኞቹን፣ የቦርድ ማስረጃውን፣ የባለቤትዎን ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ አንድ ላይ አሰባስቡ።

ጊዜውንም አትርሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ለማቅረብ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል። ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ሊያገለግል ቢችልም፣ በዚያ ተማምኖ መዘግየትን አልመክርም፤ የሽማግሌ ምልልስም ብቻውን ይርጋውን ያቆምልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሽምግልናው እየተካሄደ ሳለ የክሱን ማመልከቻ ጎን ለጎን አስጀምሩ።